ስለ ድልድይ አምሳያዎች ጽናት



በየትምህርት ቤቱ ወጣቶች ከቀጫጭን እንጨትና ከኮላ የሠሯቸውን ትንንሽ ድልድዮች በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ዘርግተው፣ ከወገባቸው ላይ ባልዲ አንጠልጥለው፣ በባልዲው ውስጥ አሸዋ ቀስ በቀስ እየጨመሩ የሚፈትኑበት ሥራ ከሩቅ ለሚያየው የልጆች ጨዋታ ይመስለዋል እንጂ፣ በውስጡ ያለው ቁም ነገር የታላላቅ መሐንዲሶችን ልቡና ለብዙ ዘመን ሲያደክም የኖረ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ስለዚሁ ነገር ለመናገር የተነሣሁት ጉዳዩ በእውነት የሚገባው መሆኑን አምኜ ነው።

እንዲህ ያለው ፈተና በሚደረግበት ቦታ ሁሉ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ከቅርጾቹ የሚበረታው የትኛው ነው?» የሚል ነው። መልሴን ሳልሸሽግ ከወዲሁ ልናገርና ማስረጃውን ቀስ ብዬ ላቅርብ፤ ጽናት ከቅርጹ ስም ጋር አብሮ የተወለደ ሀብት አይደለም። ድልድይ ሸክም የሚችለው ከአካላቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰበረው እስከ ቻለበት ድረስ ብቻ ነውና፣ ሁለት ቅርጾችን በቅን ሚዛን ማወዳደር ማለት በየአንዳንዳቸው ውስጥ ቀድሞ የሚሰበረው የትኛው አካል እንደ ሆነ፣ ያንንም አካል ለማጽናት ምን ያህል እንጨት እንደሚያስፈልግ መርምሮ ማወቅ ማለት ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

የነገሩ ሁሉ ሥር ሦስት ማዕዘን ነው። አራት እንጨቶች በአራት ማዕዘን ተገጥመው በየማዕዘናቸው በአንድ አንድ ምስማር ቢያያዙ፣ ሕፃን እንኳ በጣቱ ገፋ ቢያደርገው ቅርጹ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ እንጨቶቹ ሳይረዝሙና ሳያጥሩ ማዕዘኖቹ ብቻ ሊለዋወጡ ይችላሉና። ሦስት እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ሲያያዙ ግን፣ ከሦስቱ አንዱ ካልተሰበረ ወይም ርዝመቱ ካልተለወጠ በቀር ቅርጹ ከቦታው አይናወጥም። ይህን ሕገ ተፈጥሮ የጣሪያ አናጢዎች ማንም ሳይነግራቸው በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ በመጽሐፍ ጽፈውና በሥዕል አስደግፈው ለድልድይ ሥራ ካቀረቡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኢጣሊያዊው አንድሬያ ፓላዲዮ ሲሆን፣ በ1570 በታተመው የሕንጻ ጥበብ መጽሐፉ ውስጥ በቺዝሞኔ ወንዝ ላይ የሠራውን የእንጨት ድልድይ እስከ ዝርዝሩ ገልጾታል። መሐንዲሶች ትረስ የሚሉት እንግዲህ እንዲህ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ እየተቀጣጠለ የሚሠራው ሕንጻ ነው።

በትረስ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አካል ዕጣው ከሁለት አንድ ነው፤ ወይ ከሁለቱ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይጎተታል፣ ወይም ወደ ውስጥ ይገፋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ መሆኑን ማንም ሰው በአንዲት የአይስክሬም እንጨት ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ጫፍና ጫፏን ይዞ ቢጎትታት ጉልበታም ሰው እንኳ ሊበጥሳት ይቸገራል፣ በሁለት ጣቶቹ መካከል ጫፍና ጫፏን ይዞ ሲጫናት ግን ወዲያው ወደ ጎን ትጎብጣለች። የጎበጠችውም እንጨቷ ስለ ደቀቀች አይደለም፤ ቀጥ ብላ መቆም ስላቃታት ነው። ይህን የመጎበጥ ነገር በሒሳብ ሕግ ያሰረው ስዊስ ተወላጁ ሊቅ ሌኦናርድ ኦይለር ሲሆን፣ በ1744 ባሳተመው ድርሳኑ ያገኘው ውጤት እንዲህ ነው፤ የሚገፋው እንጨት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚችለው ሸክም ወደ ሩብ ይወርዳል። በተቃራኒው ደግሞ ሁለት እንጨቶች በሚገባ ተጣብቀው ውፍረታቸው እጥፍ ቢሆን፣ በዚያ በወፈሩበት በኩል የመጎበጥ መከላከያቸው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚጎተተው አካል ርዝመቱ ብዙም አያሳስብም፤ የሚገፋው አካል ግን አጭርና ወፍራም ሊሆን ይገባዋል። የድልድይ ቅርጾች ታሪክ በብዙው ይህን ለመፈጸም የተደረገ ትግል ነው።

በወጣቶች እጅ ዘወትር የሚሠሩት ሦስቱ ቅርጾች የተወለዱት በአሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሃው በ1840 የፈጠራ መብት ባገኘበት ቅርጽ ረጃጅሞቹ ሰያፍ አካላት እንዲገፉ፣ አጫጭሮቹ ዐምዶች እንዲጎተቱ አደረገ፤ ይህም ከኦይለር ሕግ ጋር የሚጣላ ቢመስልም በዘመኑ ብልህ ሥራ ነበረ፤ በአሜሪካ ወፍራም እንጨት እንደ ልብ የሚገኝ፣ ብረት ደግሞ ውድ ስለ ነበረ፣ ሰያፉን ከእንጨት፣ ዐምዱን ብቻ ከቀጭን የብረት ዘንግ ሠርቶ እንጨቱ ደርቆ ሲላላ ዘንጉን በቡሎን ማጥበቅ ይቻል ነበርና። በ1844 ቶማስ ፕራትና አባቱ ኬሌብ ሰያፎቹን በተቃራኒው አዘነበሏቸው፤ በዚህም ረጃጅሞቹ ሰያፎች ተጎታች፣ አጫጭሮቹ ዐምዶች ተገፊ ሆኑ፣ ብረትም እየረከሰ ሲሄድ ይህ ቅርጽ በምድር ባቡር መንገዶች ላይ ገነነ። በ1848 ደግሞ እንግሊዛዊው ጄምስ ዋረን ከዊሎቢ ሞንዛኒ ጋር ዐምዶቹን ፈጽሞ አስቀርቶ፣ ሁሉም ጎናቸው እኩል የሆነ የሦስት ማዕዘኖች ሰልፍ አቀረበ።

በአምሳያ ድልድይ አማካይነት የሚገኝን እውቀት ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሩሲያዊው መሐንዲስ የዲሚትሪ ዡራቭስኪ ሥራ ነው። በ1840ዎቹ ሴንት ፒተርስበርግን ከሞስኮ የሚያገናኘው የምድር ባቡር ሲሠራ፣ ወጣቱ ዡራቭስኪ በቬሬብያ ሸለቆ ላይ የሚዘረጋውን ትልቅ ድልድይ በሃው ቅርጽ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። በዚያ ጊዜ የነበረው ልማድ ዐምዶቹን ሁሉ አንድ ልክ አድርጎ መሥራት ነበረ፤ እርሱ ግን በሒሳብ ሲመረምር ሸክሙ በድልድዩ ርዝመት ሁሉ ሲሰራጭ ወደ ጫፎቹ የቀረቡት ዐምዶች ከመካከለኞቹ ይልቅ እጅግ እንደሚወጠሩ ተረዳ። ይህንንም ለማያምኑት ለማሳየት አንድ አምሳያ ሠራ፤ በብረት ዘንጎቹ ፋንታ ውፍረታቸው አንድ የሆነ የሽቦ አውታሮች ዘረጋ፣ አምሳያውን ሸክም ጫነበት፣ ከዚያም የቫዮሊን ደጋን አንሥቶ አውታሮቹን በየተራ መታቸው። ማሲንቆ ወይም ክራር የሚቃኝ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አውታር በተወጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ እነሆም በጫፎቹ አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ከመካከለኞቹ ይልቅ ቀጭን ድምፅ ሰጡ። ለዓይን ኅቡእ የነበረው ኃይል በጆሮ ክሡት ሆነ። እዚህ ላይ አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ የምሻው ዡራቭስኪ አምሳያውን አለመስበሩን ነው፤ ስንት እንደሚችል ሳይሆን ሸክሙ በየት በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ጠየቀው፣ አምሳያውም መለሰለት።

እስቲ እኛም ሦስቱን ቅርጾች በዚህ መንገድ እንጠይቃቸው። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሻገር፣ በ6 እኩል ክፍሎች የተከፈለ አንድ የድልድይ ገጽ እናስብ፤ ሃውና ፕራት 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑራቸው፣ ዋረን ደግሞ ከ10 ሳንቲ ሜትር እንጨቶች ብቻ ይሠራ፤ እንጨቶቹ ሁሉ በውፍረትና በዓይነት አንድ ይሁኑ፤ በታችኛው አግዳሚ መካከል 60 ኪሎ ይንጠልጠል፤ ጫፎቹ 30፣ 30 ኪሎ ይካፈላሉ። በሃውና በፕራት ውስጥ እያንዳንዱ ሰያፍ 42.4 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ርዝመቱ 14.1 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ በኦይለር ሕግ መሠረት የ10 ሳንቲ ሜትሩ እንጨት ከሚችለው ግማሹን ብቻ ይችላል፤ ስለዚህ ሰያፉ ሲገፋ 42.4 ኪሎው በአጭሩ እንጨት ላይ እንደ ተጫነ 85 ኪሎ ያህል ይከብደዋል። በሃው ቅርጽ ስድስቱም ሰያፎች በዚህ ጭንቅ ውስጥ ናቸው፣ የላይኛው አግዳሚ ግን ቢበዛ 60 ኪሎ ብቻ ይገፋል። በፕራት አራቱ የውስጥ ሰያፎች ስለሚጎተቱ ዕረፍት አግኝተዋል፤ ነገር ግን በጫፍና በጫፍ ያሉት ሁለቱ አሁንም እንደ ሃው ይገፋሉ፣ በዚህ ላይ የላይኛው አግዳሚ መካከለኛ ሁለት እንጨቶች 90 ኪሎ ይደርሳቸዋል። በዋረን ሰያፎቹ አጫጭር ናቸው፣ የሚደርሳቸውም 34.6 ኪሎ ብቻ ነው፤ ሆኖም ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ማለትም 8.7 ሳንቲ ሜትር፣ ስለ ሆነ በላይኛው አግዳሚ መካከል ያለችው አንዲት እንጨት 104 ኪሎ ትሸከማለች።

የ10 ሳንቲ ሜትሩ እንጨት 30 ኪሎ ሲገፋው ይጎብጣል ብንል፣ ሃው በ21 ኪሎ፣ ፕራት በ20 ኪሎ፣ ዋረን በ17 ኪሎ ይወድቃሉ። በሦስቱም የገባው እንጨት ርዝመት ሲደመር ከ230 እስከ 235 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ክብደታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ፈራጁ በዚህ ቢያቆም ሽልማቱን ለሃው ሰጥቶ፣ ፕራት የሃውን ጉድለት አርሟል የሚለውን የመጽሐፍ ቃል ሐሰት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን አሁን በየአንዳንዱ ውስጥ ቀድሞ የሚሰበረውን ብቻ ሌላ እንጨት ደርበን እናጽናው። ሃው ስድስቱን ሰያፎች መደረብ ስላለበት 85 ሳንቲ ሜትር እንጨት ይጨምርና 30 ኪሎ ይችላል። ፕራት ሁለቱን የጫፍ ሰያፎችና ሁለቱን የላይ እንጨቶች ብቻ፣ ማለትም 48 ሳንቲ ሜትር፣ ጨምሮ ያንኑ 30 ኪሎ ይችላል። ዋረን ደግሞ ያቺን አንዲት የ10 ሳንቲ ሜትር እንጨት ብቻ ደርቦ ከ17 ወደ 26 ኪሎ ይነሣል። አሁን ሸክሙን ለእንጨቱ ርዝመት ስናካፍለው ለአንድ ሜትር እንጨት ዋረን 10.8፣ ፕራት 10.6፣ ሃው 9.4 ኪሎ ይደርሳቸዋል፤ መጀመሪያ የነበረው ተራ ተገልብጦ ኋለኛው ፊተኛ ሆነ ማለት ነው። ቅርጾቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው እንጨቱ የገባበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን ውጤት ያገኘነው ሸክሙ በመካከል ብቻ እንዲንጠለጠል፣ መጋጠሚያዎቹም እንዳይላቀቁ አስቀድመን ስለ ወሰንን መሆኑ አይዘንጋ፤ ሸክሙ እንደ ባቡር የሚጓዝ ቢሆን፣ በመካከል ያሉት ሰያፎች አንድ ጊዜ ሲጎተቱ አንድ ጊዜ ሲገፉ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል።

መጋጠሚያን ካነሣሁ ዘንድ አንድ አሳዛኝ ነገር ልናገር። አማሳ ስቶን የተባለው የምድር ባቡር ባለጸጋ የዊልያም ሃው የጋብቻ ዘመድ ነበረ፤ የሃውን ቅርጽ እጅግ ይወደው ስለ ነበር፣ በኦሃዮ በአሽታቡላ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲያሠራ ለእንጨት የተፈጠረውን ያንን ቅርጽ በሙሉ በብረት አሠራው። በታኅሣሥ 29 ቀን 1876 ምሽት በበረዶ ማዕበል ውስጥ ባቡር ሲያልፍበት ድልድዩ ፈረሰ፣ 90 የሚያህሉ ሰዎችም በመውደቁና በተነሣው እሳት አለቁ። ከፍርስራሹ በተደረገው ምርመራ ሰያፎቹ የሚያርፉበት፣ ከቀለጠ ብረት የተቀዳ መጋጠሚያ በውስጡ አየር የፈጠረው ባዶ ስፍራ እንደ ነበረበት ታወቀ። በሚኒያፖሊስም በ2007 የወደቀው የትረስ ድልድይ ዋና ምክንያቱ አካላቱን የሚያያይዙት ጠፍጣፋ ብረቶች ሊኖራቸው ከሚገባው ውፍረት ግማሹን ያህል ብቻ መያዛቸው ነበረ። በአምሳያም እንዲሁ ነው፤ ከእንጨቱ በፊት ኮላው ከተላቀቀ ፈተናው ስለ ኮላ መሰከረ እንጂ ስለ ሃው ወይም ስለ ፕራት ምንም አልተናገረም።

ስለዚህ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ከቅርጹ በቀር ሌላውን ሁሉ አንድ ማድረግ አለበት። እንጨቱ ከአንድ ክምር ይመረጥ፤ ክሩ የተጣመመው፣ ቋጠሮ ያለበት ይጣል። ኮላው በዓይነትም በመጠንም አንድ ይሁን፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይድረቅ። እያንዳንዱ አምሳያ ከመጫኑ በፊት በሚዛን ይመዘን። ከአንድ ቅርጽ አንድ ብቻ ሠርቶ መፍረድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለት እንጨቶች በመልክ ቢመሳሰሉም በጽናት ይለያያሉና፣ ከየቅርጹ ብዙ ተሠርቶ አማካዩ ሊወሰድ ይገባል። የድልድዩ ግራና ቀኝ ገጾች ከላይም ከታችም በአግድም እንጨት ካልተያያዙ ደግሞ የላይኛው አግዳሚ በሙሉ ወደ ጎን ይጠማዘዝና ድልድዩ ገና ጉልበቱን ሳያሳይ ይወድቃል፤ ይህ በትምህርት ቤት አምሳያዎች ላይ እጅግ የተለመደ ውድቀት ነው። አሸዋውም በዝግታ ይፍሰስ፤ ሲሰበርም ስንት ኪሎ ላይ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን የትኛው አካል ቀድሞ እንደ ሄደ፣ ጎብጦ ይሁን ተበጥሶ ወይም ተላቆ፣ በጽሑፍ ይመዝገብ። የመውደቂያው ኪሎ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለሚቀጥለው ሠሪ የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

አምሳያ የሚናገረውን ሁሉ ለትልቁ ድልድይ እንደ ወረደ መውሰድም አደጋ አለው። ጋሊሌዮ ጋሊሌይ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስተማረው፣ አንድን ነገር በርዝመት፣ በወርድና በቁመት አሥር እጥፍ ብናሳድገው ጽናቱ መቶ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ግን ሺህ እጥፍ ይሆናል። 1 ኪሎ መዝኖ 200 ኪሎ የሚችል አምሳያ አሥር እጥፍ ቢያድግ 1,000 ኪሎ መዝኖ 20,000 ኪሎ ይችላል፤ የክብደቱን 200 እጥፍ ይችል የነበረው 20 እጥፍ ብቻ ቻለ ማለት ነው። በካናዳ በኬሎና ከተማ በሚደረገው የፓስታ ድልድይ ውድድር በ2009 ከ1 ኪሎ በታች የሚመዝን ድልድይ 443.58 ኪሎ መሸከሙ በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ግን የክብደቱን 400 እጥፍ የሚሸከም የወንዝ ድልድይ ተስፋ የሚያደርግ ቢኖር ተሳስቷል። ትላልቅ ድልድዮች ከሚሸከሙት ሸክም አብዛኛው የገዛ አካላቸው ነውና። በዚያው በካናዳ በኬቤክ በቅዱስ ሎሬንስ ወንዝ ላይ ሲሠራ የነበረው ድልድይ መካከለኛ ዝርጋታው ከ1,600 ወደ 1,800 ጫማ እንዲረዝም ሲወሰን፣ የገዛ ክብደቱ ሒሳብ በጊዜው አልታረመም ነበር፤ በነሐሴ 29 ቀን 1907 የሚገፋው የታችኛው አግዳሚ ጎበጠና ድልድዩ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ 75 ሠራተኞች ሞቱ። ኦይለር በ1744 የጻፈው ሕግ የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ አካል ነበረ።

አምሳያ መሥራት የሚወድ ሰው ለዓለም ምን ሊያበረክት እንደሚችል ለማየት ግን እንግሊዛዊውን ዶናልድ ቤይሊን ማስታወስ ይበቃል። በጦር ሚኒስቴር የሚሠራው ይህ ሰው በዕረፍት ሰዓቱ የድልድይ አምሳያዎችን እየሠራ ይመራመር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያቀረበውና በስሙ የተጠራው ድልድይ፣ ርዝመቱ 10 ጫማ ቁመቱ 5 ጫማ የሆነ፣ ስድስት ሰዎች ተሸክመው የሚያጓጉዙት አንድ ዓይነት የብረት ገጽ ደጋግሞ በመቀጠል የሚዘረጋ ነው። በአገራችንም ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ወይም ነባሩ ሲጎዳ መንገዱ እንዳይቋረጥ የሚተከለው ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘር ነው። በዚህ ድልድይ የሚያልፍ ሰው ወደ ጎን ዞር ብሎ ቢመለከት፣ ገጾቹ በአንዱ ስፍራ ነጠላ፣ በሌላው ስፍራ ጎን ለጎን ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ አንዳንዴም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ያገኛቸዋል፤ መሐንዲሱ የወንዙን ስፋትና የሚያልፈውን መኪና ክብደት አይቶ፣ ገጹን ሳይለውጥ ቁጥሩን ብቻ ይወስናል።